አንድ ቤት፣ አንድ መልስ

«ዛሬ ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው» አለች ሚስቱ፣ ደፍ ላይ ቆማ ጫማዋን እያጠለቀች። «ለእህትህ የምትላትን ራስህ በላት። የምትልህን ራስህ ስማ። እኔ አክስቴ ጋ ውዬ አመሻሽ ላይ ነው የምመለሰው።»

ጋሽ ጆሮ የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ አነሳ። «ዛሬን መረጥሽ?»

«መርጬ ነው እንጂ። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ የሰባት እርምጃ መንገድ ስመላለስ ጫማ ጨረስኩ። ደሞዝ የለው፣ ጡረታ የለው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ሰውዬ። ሽቶ የፍሳሽ መኪናውን ይዞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ቱቦው በየት እንደሚያልፍ አንተም ታውቃለህ፣ እሷም ታውቃለች።» ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ሌላ ጊዜ ስትቆጣ የግቢውን በር ታላትመዋለች። ዛሬ በቀስታ ዘጋችው። የምሯን መሆኑ የገባው በዚህ ነው።

ጋሽ ጆሮና እህቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ አሥራ ሦስት ወር ነው። ግቢው ከወላጆቻቸው የቀረ ነው፤ አንድ የቤት ቁጥር፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሁለት በር። በሮቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ ሰባት እርምጃ ነው። እህት በሯ ላይ ሆና «ለሰውዬው ንገሪው፤ ሸሚዙን ከገመዴ ላይ ያንሳ» ትላለች። ወንድም እዚያው በሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። ሚስቱ መሀል ላይ ቆማ «ሸሚዝህን አንሳ ብላለች» ትለዋለች። «አልደረቀም በያት» ይላል። «አልደረቀም ብሏል።» «ደርቋል በይው፤ ደረቅና እርጥብ የማውቀው እኔ ነኝ።» እዚህ ላይ ልክ ናት፤ ሙያዋ ነው። አጣቢ ናት። የሁለት የእንግዳ ማረፊያ ቤት አንሶላ ታጥባለች። ሰፈሩ በረኪና ይላታል፤ ግማሹ ስለ ሥራዋ፣ ግማሹ ስለ አፏ። አንሶላው አቧራ እንዳይነካው የሚደርቀው እክፍሏ ውስጥ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠሩ አራት ገመዶች ላይ። ወደ አልጋዋ ለመድረስ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል።

ማረፊያ ቤቶቹ ቀድሞ ሦስት ነበሩ። ነገሩ የመጣው ከሽንት ቤቱ ነው። ሽንት ቤቱ ከእህቱ ክፍል ጀርባ ነው። ጉድጓዱን የሚመጥጠው የፍሳሽ መኪና መግቢያው ስለሚጠበው ከግቢው ውጭ ይቆማል። ያለው ቱቦ ሁለቱ ቁራጭ ተገጥሞ ሠላሳ ሜትር ነው። በአጥሩ ዙሪያ ልሂድ ቢል ሃምሳ ይጠይቃል፤ በእህቱ በር ገብቶ በመስኮቷ ከወጣ ግን ሃያ ስምንት ይበቃዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ በሞላ ቁጥር ቱቦው በክፍሏ መሀል፣ በአልጋዋ ግርጌ ያልፋል። ባለፈው ጊዜ ሁለቱን ቱቦ የገጠማቸው ጋሽ ጆሮ ነበር። ሹፌሩ ልግጠም ቢለው፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ የገጠምኩ ሰው እዚህ ቆሜ?» ብሎ ከእጁ ቀማው። እህቱ አንሶላዎቹን ላውርድ ስትልም «በእኔ ይሁንብሽ፣ ተያቸው» አላት። መኪናው መጥጦ ጨረሰ። ከዚያ መገጣጠሚያው ለቀቀ። አሥራ ሁለት ነጭ አንሶላ ነጭነቱ አበቃ። አንዱ ማረፊያ ቤት ሥራውን ለሌላ አጣቢ ሰጠ። እሷ ያን ዕለት አንድ ቃል ጠበቀች። እሱ «ጎሚኒው አርጅቶ ነው» አለ። ጎሚኒ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት ነው። በማግስቱም «ጎሚኒው ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን መነጋገር ቀረ።

ለዛሬው ተራ የተመዘገቡት ከአምስት ወር በፊት ነው። ቱቦው ዛሬ ካላለፈ ተራው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላ አምስት ወር ነው። ዝናብ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጉድጓዱ ለመሙላት አንድ ክንድ አልቀረውም። ዝናቡ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ባለፈው ሳምንት በሚስቱ በኩል ጠይቆ ነበር። «እሱ የሚለውን ይላል እንጂ እኔ የምጠብቀውን አይልም በይው» የሚል መልስ መጣለት። ያ መልስ እሺ ይሁን እንቢ፣ ሚስቱም አላወቀችም።

ብርጭቆውን አጥቦ ወደ ቧንቧው ሄደ። ጆሮ የሚለው ስም ከሥራ ባልደረቦቹ የመጣ ነው። ውሃ ከመምጣቷ ሩብ ሰዓት በፊት በቧንቧው ውስጥ አየሩ ሲገፋ ይሰማዋል። ጆሮውን ከብረቱ ያስጠጋና «መንገድ ላይ ናት» ይላል። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ጋሽ ጆሮ፣ ምን ትላለች?» ይሉታል። እህቱ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም። ግን ውሃ መንገድ ላይ ስትሆን ባዶ በርሜሉን ሦስት ጊዜ በእጁ ይመታል፤ አቧራውን ለማራገፍ ነው። ከዚያ የእህቱ በር ይከፈትና የእሷ በርሜል እየተንከባለለ ይወጣል፤ እሷም በርሜሏን ፀሐይ ልታሞቅ ነው። ቧንቧው መንጠባጠብ ሲጀምር እሱ መፍቻ የረሳ ይመስል ወደ ቤት ይገባል። ሲመለስ የእሷ በርሜል ሞልቷል። የእሱ ቀድሞ ሞልቶ አያውቅም። ይህን ነገር ከሁለቱ አንዱም አንስቶት አያውቅም።

ዛሬም ሦስት ጊዜ መታ። በርሜሏ ወጣ። እሱ ቤት ገብቶ ከበሩ ኋላ ቆመና ቃሉን አሰናዳ። «እህቴ፣ ዛሬ ሽቶ ይመጣል፤ ቱቦው እንዲያልፍ…» ከዚያ ወዲያ ያለው አልሰናዳ አለ። መፍቻውን ይዞ ወጣ። እሷ የልብስ ማጠቢያ ገበታዋ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና አለች። እሱ ቧንቧውን አየና «ዛሬ ግፊቷ ደህና ነው» አለው፣ ቧንቧውን። እሷም ገበታዋን «እስከ መቼ እንደሆነ አብረን እናየዋለን» አለችው። ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ ይህም ቀላል አልነበረም። ቱቦ ግን አያሳልፍም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ታብሌት፣ ተረከዟ ላይ ፕላስተር። «ጤና ይስጥልኝ አባባ። በውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የነዋሪዎችን እርካታ እያጠናን ነው። ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ?»

ጋሽ ጆሮን ስለ ውሃ የጠየቀው ሰው ብዙ ነው፤ ስለ እርካታው ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። በሥራ ላይ ሳለ ቅጽ የሚሞላው እሱ ነበር፤ የፈነዳ መስመር፣ የተሰረቀ ቆጣሪ፣ የተደፈነ ፍሳሽ። ሰው ፊት እንደማንኛውም ሰው ያንገራግራል፤ ቅጽ ፊት ግን መዋሸት አይችልም፣ አልተፈጠረበትም። አንድ ጊዜ የራሳቸው ሠራተኛ በዶማ የበሳውን መስመር አለቃው «መኪና ሰበረው ብለህ ጻፍ» ቢለው፣ «መኪና አላየሁም» ብሎ የዓመት እድገት ቀርቶበታል። ሚስቱ እስከ ዛሬ «ያቺ ያላየሃት መኪና ብዙ አስከፈለችን» ትለዋለች። ወንበር አውጥቶ ለሴትዮዋ በግቢው መሀል አስቀመጠላት። ለራሱ ደፉ አጠገብ በርጩማ ሳበ። «ጠይቂ ልጄ» አለ፣ ኮቱን ቆልፎ።

«ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ታገኛላችሁ?»

«በፕሮግራሙ ሦስት ቀን ነው። ፕሮግራሙ ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል፤ ውሃዋ ናት የምትቀር።»

ጠያቂዋ ሳቋ አመለጣትና ወዲያው ፊቷን ሰበሰበች። «ስንት ቀን ብዬ ልሙላ?»

«አንድ ተኩል በይ።»

«ግማሽ አይቀበልም አባባ።»

«እኛ ተቀብለን እየኖርን፣ እሱ ምን ሆኖ ነው የማይቀበለው?»

ሁለት ብላ ሞላች። ጥራቱን ጠየቀችው። «ስትመጣ ሻይ ናት። ሩብ ሰዓት ብትታገሻት ውሃ ትሆናለች» አላት። ውሃ ከመቋረጧ በፊት ይነገራችኋል ወይ ስትለው «ይነገረናል» አለ። በማን ብትለው «በቧንቧው» አለ። ከእህቱ በር በኩል አጭር ድምፅ መጣ። ሌላ ሰው ሳል ይለዋል። እሱ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአፍንጫዋ እንደምትስቅ ያውቃል። በርጩማው ላይ ትንሽ ቀና አለ።

«በውሃ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ መካከለኛ፣ አልረካሁም፣ በጭራሽ አልረካሁም።»

«አልረካሁም።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለች እህቱ። እርጥብ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ውሃ የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«የእርስዎን ቤት ቁጥር ስደርስ እጠይቅዎታለሁ እትዬ።»

«የኔም ቁጥር ይኸው ነው።»

ጠያቂዋ ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው። ከዚያ ሁለቱን በሮች አየች። «ለአንድ የቤት ቁጥር አንድ መልስ ብቻ ነው የሚወስደው። ተነጋግራችሁ ተስማሙና አንድ መልስ ስጡኝ» አለች፤ ቀላል ነገር የተናገረች መስሏት።

ከቧንቧው አንድ ጠብታ ወደ ገበታው ወረደች። እህቱ ጥቂት አሰበችና ወደ ጠያቂዋ ዞረች። «እንግዲያው ለሚመለከተው አካል ንገሪልኝ። እኔ በጭራሽ አልረካሁም ነው የምለው።»

«የሚመለከተው አካል… ቢሮውን ነው?»

እህቱ በአገጯ ወደ በርጩማው ጠቆመች።

«ንገሪያት» አለ ጋሽ ጆሮ። «በጭራሽ የሚባለው ጠብታ ሲጠፋ ነው። ዛሬ ጠዋት በርሜሏ ሞልቷል።»

ጠያቂዋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየች። «ትሰማማላችሁ እኮ!»

«መስማት ሌላ፣ መነጋገር ሌላ» አለች እህቱ። «ንገሪው፤ በርሜሉ የሞላው ማን ቀድሞ ስለቀዳ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ያ ግን ከቢሮው የመጣ አገልግሎት አይደለም።»

ጋሽ ጆሮ መሬት መሬት አየ። ይህ ነገር ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ «ንገሪያት፤ እንግዲያው 'አልረካንም' ላይ እንስማማ» አለ። «ተስማምቻለሁ በይው» አለች። ጠያቂዋ ጠቅ አደረገችና በረጅሙ ተነፈሰች። ፖስታ ቤቱ በአዲስ ሠራተኛ ተከፍቶ ነበር።

«ወደ ፍሳሹ ልለፍ» አለች። «ሽንት ቤታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠው መቼ ነው?»

«ከአሥራ ሦስት ወር በፊት» አሉ ሁለቱም እኩል።

«በሚመጠጥበት ጊዜ ፍሳሽ ከቱቦው ወጥቶ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለች እህቱ።

«የት ቦታ? ግቢ ውስጥ፣ መንገድ ላይ…»

«አልጋዬ ላይ።»

የጠያቂዋ ጣት አየር ላይ ቀረ። አልጋ የሚል አማራጭ አልነበረም። «የቤት ውስጥ» ብላ ሞላችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ምክንያቱስ? የመኪናው ብልሽት፣ የአገልግሎት ሰጪው ጥፋት፣ የነዋሪው ጥፋት፣ ሌላ።»

እህቱ አንሶላውን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ያዘችው። ጋሽ ጆሮ ታብሌቱን አየ። ወረቀት አይደለም፤ ያበራል። ግን ቅጽ ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ከላይ የቤቱ ቁጥር ተጽፎበታል። «ሌላ» የሚለው ክፍት በር ነው። በሥራ ዘመኑ ስንት ሰው በዚያ በር ሲወጣ አይቷል። አንሶላዎቹ የተበላሹ ዕለት ማታ ጎሚኒውን ከመገጣጠሚያው አውጥቶ ሦስት ጊዜ አጥቦ አይቶታል። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመፍቻዎቹ ሥር አስቀመጠው። አሁንም እዚያው ነው። በዚያ ሳጥን መፍቻ በፈለገ ቁጥር እጁ ጨርቁን ያልፈዋል።

«የነዋሪው ጥፋት» አለ።

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት? ይህ እናንተን…»

«ጻፊ። ጎሚኒው አላረጀም። ከሱቅ የወጣ አዲስ ነበር። ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ መሆን ሲገባው ወደ ውጭ አድርጌ ገጠምኩት። መኪናው እየመጠጠ ሳለ አይታወቅም። መምጠጡ ሲቆም ቱቦው ውስጥ የቀረው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚለቀው ያኔ ነው። የገጠመው ሰው መነጽሩን ቤት ረስቶ ነበር። መነጽር አምጡልኝ ለማለት አፈረ፤ ሹፌሩ ቆሞ ያየው ነበር። ይህንንም ጻፊ።»

«ቦታ የለውም አባባ። 'የነዋሪው ጥፋት' ብቻ ነው የሚለው።»

«እሱም ይበቃል።»

እህቱ አልተንቀሳቀሰችም። ከአንሶላው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማዋ ላይ እየወረደ ነበር፤ አላየችውም። ከዚያ «የኔ እመቤት» አለች ጠያቂዋን፣ «አሁን ያለውን አንዴ እንዲደግመው ንገሪልኝ።»

«ጻፍኩት እኮ እትዬ።»

«ለጽሑፉ አይደለም። ለኔ ነው።»

ጋሽ ጆሮ ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደው፤ ቅጹ ቀድሞ ተሞልቷል፣ የቀረው ሰው ብቻ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የጎሚኒው አይደለም።»

«እንግዲህ ጻፊ» አለች እህቱ። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህ ከአምስቱ የቱ ላይ ነው የሚገባው?»

ጠያቂዋ የምሯን አምስቱን አየቻቸው። «የለም እትዬ። ጥያቄውም ስለ ፍሳሽ ነው።»

«የኔም ስለ ፍሳሽ ነው» አለችና ገባች። ጋሽ ጆሮ በርጩማው ላይ እንዳለ ያዳምጥ ጀመር። የመጀመሪያው ገመድ ከሚስማሩ ወረደ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው። የአልጋው እግር ሲሚንቶውን ፋቀው። ቆየት ብሎ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ጮኸ፤ ዓመት ያልተነካ ብረት ነው፤ ዘይት ይፈልጋል። ከዚያ እሷ ራሷ ወጣች፤ የተቆለሉት አንሶላዎች ፊቷን ሸፍነውታል። ሰባቱን እርምጃ መጥታ ክምሩን እደረቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዝ» አለችው። ንገሪው አላለችም። «እናንተ ክፍል ይሰቀሉ። እኔ ቤት ተመልሰው የሚገቡት ሽቶ ሲወጣ ነው።»

ጠያቂዋ ታብሌቱን አጥፍታ ተነሳች። አንድ ጥያቄ እንደቀረ፣ እሱንም እስኪስማሙ እንደምትተወው፣ ጎረቤቶቹን ጨርሳ እንደምትመለስ ነገረቻቸው። ማንም አልሰማትም። ጋሽ ጆሮ የረጠበውን ክምር እንደ ታቦት አክብሮ ይዞ፣ በእግሩ ጣት በሩን እየገፋ ነበር።

ስምንት ሰዓት የተባለው ሽቶ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ሽቶ የመኪናው ስም ነው፣ የሹፌሩም ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰፈር ይሁን ራሱ አይታወቅም፤ ግን ሲጠሩት ይኮራበታል። «እትዬ በረኪና!» አለ ከበሩ፣ ቱቦውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ። «ዘንድሮ በመስኮት ነው በበር የምንስተናገደው?»

«በሁለቱም ነው። ቱቦህን እደጅ ጥረገው። እንግዳ ሆነህ ስትመጣ እግርህን አትጠርግም?»

«እግሬ ንጹሕ ነው፤ ሥራዬ ነው የሚያሳማኝ» አለ። ቱቦውን ግን ጠረገው። ሁለተኛውን ጎትቶ አመጣና ክፍሉ መሀል፣ ባዶዎቹ ሚስማሮች ሥር ቆመ። «ጋሽ ጆሮ፣ ልግጠም ወይስ ትገጥማለህ?»

ጋሽ ጆሮ መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ ግጠመው ሊል ነበር። እህቱ እጇን አነሳችና ሹፌሩን አስቆመችው። ወጣች። ሰባቱን እርምጃ ተራምዳ የወንድሟ ቤት ገባች። በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ያንን ደፍ አላለፈችም፤ ግን ሬዲዮኑ ላይ የሚቀመጠውን ነገር ስፍራ አልረሳችም። መነጽሩን ይዛ መጣች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ እንደገና ጠረገችው። ከዚያ አፍንጫው ላይ ሰካችለት።

«አሁን ግጠም» አለች።

ገጠመ። ከመግጠሙ በፊት ጎሚኒውን አሳያት። «ይህ ከንፈሩ ነው። ወደ ውስጥ።» እሷም የስፌት ጠርዝ እንደምትፈትሸው በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ሽቶ «እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ሁለት ተቆጣጣሪ አልነበረብኝም» እያለ ወደ መኪናው ሄደ። ይህን ጊዜ ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች፤ የመጣችው ለጥያቄዋ ነበር፣ ግን ማንም ወንበር ስላልሰጣት መጋረጃው ቱቦው ላይ እንዳይወርድ ይዛ ቆመች። ሞተሩ ተነሳ። ቱቦው ደነገጠ፣ ተወጠረ፣ በአልጋው ግርጌ እንደ ትልቅ ዘንዶ ሁለቴ ተንቀሳቅሶ ረጋ። ጋሽ ጆሮ ተንበርክኮ መገጣጠሚያውን በሁለት እጁ አቅፎታል። እህቱ ከሥሩ ባልዲ ደቅናለች። ሃያ አምስት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። ሥራ የበዛበት ዝምታ ነው፤ ከወትሮው ዝምታ ጋር አይገናኝም።

ከዚያ ሞተሩ ዝቅ አለ። «ያዙ!» አለ ሽቶ ከውጭ። ጋሽ ጆሮ የሚመለሰውን ከማንም ቀድሞ ሰማው፤ ከመስኮቱ ማዶ ጀምሮ እየተንጎራጎረ፣ እየቀረበ፣ በእጆቹ መሀል ደረሰ። መታ። አለፈ። ሦስቱም ዓይናቸውን መገጣጠሚያው ላይ ተክለዋል። ከሥሩ አንዲት ጠብታ ብቅ አለችና ተንጠለጠለች። እህቱ በጨርቅ ነካቻት፤ ጨርቁን አሸተተችው።

«የእጅህ ላብ ነው» አለች።

ጋሽ ጆሮ ከተንበረከከበት ለመነሳት ጉልበቱ እንቢ አለው። ያነሳችው እሷ ናት።

ሽቶ ሄዶ ሲሚንቶው ከታጠበ በኋላ፣ አንሶላዎቹ ወደ ገመዳቸው ተመልሰው፣ ሁለቱም በየደፋቸው ሲቀመጡ ጠያቂዋ ታብሌቷን አወጣች። «የቀረችኝ አንዲት ናት። ባጠቃላይ በውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክታችኋል?»

«አልረካንም» አለ ጋሽ ጆሮ።

«ረክተናል» አለች እህቱ።

«ጠዋት 'በጭራሽ' ስትይ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ጠዋት ጠዋት ነበር። አሁን በርሜሌ ሙሉ ነው፣ ጉድጓዴ ባዶ ነው። ከዚህ ወዲያ ሰው ምን ይፈልጋል?»

«ለአንድ ቱቦ አምስት ወር ተራ ጠብቀሽ?»

«አንተን አሥራ ሦስት ወር ጠብቄህ የለ! እነሱስ ተራ ሲያስጠብቁ ወረቀት ይሰጣሉ።»

«ሻይ በመሰለ ውሃ ነጭ እያጠብሽ ረክቻለሁ ማለት ነውር ነው።»

«አጥቤስ አላሳየሁም? በሻይ አጥቤ ነጭ ያወጣሁት እኔ! በመነጽር እንኳ ማየት ያቃተህ አንተ!»

«መነጽሩን እርሺው።»

«አልረሳውም። እናታችን እንስራዋ የተሰበረ ዕለትም ድመት ናት ብለህ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ድመቷ ስትታማ ኖረች!»

«እንስራው ከመጀመሪያውም የተሰነጠቀ ነበር!»

«ይኸው! ጎሚኒው አርጅቶ ነው!»

ጠያቂዋ «አባባ… እትዬ…» ስትል ቆይታ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመደች በሩ ጋ ደረሰች። ጋሽ ጆሮ እየተከራከረም ቢሆን ጆሮው ሥራውን አላቆመም። ከውጭ የሚስቱ እርምጃ ሲመጣ ሰማ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፌስታሏ መሬት ላይ ሲቀመጥ ተንኮሻኮሸ። አልገባችም። የጠያቂዋ ድምፅ ተከተለ።

«የዚህ ቤት ሰው ነዎት? እንደምንም ይርዱኝ። ጠዋት አይነጋገሩም፤ አሁን ደግሞ አያቆሙም። አንድ መልስ ነው የጎደለኝ።»

ሚስቱ እያዳመጠች ነበር። «በቀጥታ ነው እንዴ?» አለች። «ንገሪው፣ ንገሪያት የለም?»

«የለም። በቀጥታ ነው የሚጣሉት።»

«እንግዲያው በጣም ረክተዋል ብለሽ ሙዪ።»

ታብሌቱ ጢን አለ። ተልኳል ማለት ነው። ጋሽ ጆሮ ከደፉ ብድግ አለ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በእሱ የቤት ቁጥር ላይ አንድም የተሳሳተ ቅጽ ወጥቶ አያውቅም። ውሃዋ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ናት፣ ስትመጣ ሻይ ናት፣ ቱቦው ሠላሳ ሜትር ነው፤ ሴትዮዋ ገና ከመንገዱ አልወጣችም፤ ቢሮጥ ይደርስባታል።

«ወዴት ነው?» አለች እህቱ። «አልጨረስኩም እኮ ወንድም ጋሼ።»

በሩን አየ። እህቱን አየ። የተሳሳተው ቅጽ በመንገዱ ላይ እየራቀ ሲሄድ፣ ፕላስተር ያለበት ተረከዝ ሲያነክስ ሰማው።

«ጨርሺ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።